ግድግዳ መሀል የገባው በርሜል

የሳር ክዳኑን አፍርሼ ቤቴን ቆርቆሮ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ማንም አልመከረኝም፣ ማንም አልገፋፋኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ጥፋቱን አናጢው ላይ ወይም ሚስቴ ላይ ለመለጠፍ እንዳይቃጣኝ ነው።

ቤቱን ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ የሠራው ከሸዋ መጥቶ እዚያው የቀረው አባቴ ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው የሳር ክዳን፣ ሳሎኑ መሀል ላይ ምድጃ፣ ከሳሎኑ ጀርባ አንድ ጓዳ። ያ ሳር ቀን ፀሐዩን አያስገባም፤ ማታ ሙቀቱን አያስወጣም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ሲያደርግ አንድም ቀን ያመሰገነው ሰው አልነበረም። እኔማ ጭራሽ አፍርበት ነበር። ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምር ሰው ጥቀርሻ ከሚያንጠባጥብ ጣሪያ ሥር መኖር የለበትም ብዬ፣ በ1956 ዓ.ም. በጋ ላይ ሳሩን አውርጄ አዲስ ቆርቆሮ አስመታሁ።

ቆርቆሮው ከሩቅ ያብረቀርቃል። ከገበያ የሚመለስ ሁሉ ቆም ብሎ ያየዋል። እኔም ሲያዩት ለማየት ደጅ ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጥ ነበር። ደጅ የምቀመጥበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ቀን ቀን ውስጡ አያስቀምጥም። እኩለ ቀን ላይ ቤቱ እንደ ዳቦ ቤት ይግላል፣ ንጋት ላይ ደግሞ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበን እንንቀጠቀጣለን። ትምህርት ቤታችን ከነበሩት ሁለት ቴርሞሜትሮች ያልተሰበረውን አስፈቅጄ አመጣሁና ሳሎን ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት። ቀን ሠላሳ አንድ፣ ንጋት ላይ አሥራ አንድ። በየቀኑ ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ። ሚስቴ ድርቤ አንድ ቀን ደብተሩን ከፍታ እስከ መጨረሻው አነበበችና፣ መጻፉ ቤቱን ያሞቀው እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ድርቤ የዲጋ ልጅ ናት። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናቷ አዴ ወርቂቱ እዚያው ዲጋ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ድርቤ የመጀመሪያ ልጃችንን በፀነሰች በስድስተኛው ወር፣ ግንቦት ላይ፣ እናቷን ለምና አስለምና ከእኛ ጋር እንዲኖሩ አመጣቻቸው። አንድ የእንጨት ሳጥንና አንድ የመቀመጫ ዱካ ይዘው መጡ፤ ጓዳው ተሰጣቸው። ሦስት ሳምንት ቆዩ። በአራተኛው ሳምንት፣ ዝናቡ ጠንከር ሲል፣ ወደ ዲጋ እንደሚመለሱ ለድርቤ ነገሯት። ምክንያታቸው አጭር ነው፤ ቤታችሁ ብርድ ነው አሉ።

ድርቤ ይህን የነገረችኝ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነው። ወንድማቸው ኦቦ ዋቅወያ ከሁለት ሳምንት በኋላ በቅሎ ይዘው እንደሚመጡ ተናገረች፤ ከዚያ የእኔን ሸሚዝ አጥፋ ስታበቃ፣ «እናቴ ከሄደች እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። ልጁን እዚያ እወልደዋለሁ» አለች። ድርቤ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የምትናገር ሴት አይደለችም።

ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለዚህ ቤት ሙቀት መፈለግ ነበረብኝ። ደብተሬ ላይ አዲስ ገጽ ከፍቼ «የቤት ማሞቂያ ምርጫ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ያለ ስህተት የሠራሁት ነገር ያ መስመር ብቻ ነው።

መጀመሪያ ምክር የሰጠኝ ጎረቤታችን አቶ መሸሻ ነው። ጎጃሜ ነጋዴ ነው፤ በሁሉም ነገር ላይ ሐሳብ አለው፣ ሐሳቡንም ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው። ጉዳዩን እንደሰማ ችግሩ ኮርኒስ አለመኖሩ መሆኑን አስረዳኝ። ጆንያ ተሰፍቶ፣ ከጣሪያው ሥር ተወጥሮ፣ ኖራ ተቀብቶ፤ እሱ ቤት ከገባ ወዲህ ብርድ የሚባል ነገር እንደረሳ ማለልኝ። መጥታችሁ እዩት አለ። እኔና ድርቤ እሑድ ከየቤተ ክርስቲያናችን ስንመለስ ሄድን። እሷ ከወንጌላውያኑ፣ እኔ ከማርያም፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም፣ የምንጣላው በጣሪያ ነው።

የአቶ መሸሻ ኮርኒስ ነጭ ነው፣ ያምራል። ሻይ ቀረበልን። መሸሻ ቆሞ በእጁ እያመለከተ ሙቅ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ጆንያው እንዴት እንደሚይዘው ያብራራል፤ እኔም ሳይንሱ ልክ ስለሆነ ራሴን እነቀንቃለሁ። ከላያችን የሆነ ነገር ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ ድረስ ሮጠ። ነፋስ ነው አለ መሸሻ። ነፋሱ ተመልሶ ሮጠ፣ ከኋላው ደግሞ ከበድ ያለ ሌላ ነፋስ ተከተለው። ከዚያ ጆንያው መሀሉ ላይ ተተረተረና አንዲት ድመት አይጥ እንደነከሰች ሻዩ ላይ ወደቀች። ብርጭቆ ተሰበረ፣ ድመቷ አይጧን ሳትለቅ በሩን አልፋ ወጣች፣ ከቀዳዳው የአሥር ዓመት አቧራ ድርቤ ላይ ፈሰሰ። መሸሻ ግን አላቋረጠም። ይህ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር እንደሆነና ዋናው ነገር አየሩ መሆኑን ቀጠለ። እኔ ደብተሬ ላይ ኮርኒስን ሰረዝኩ።

ሁለተኛው የላምባ ማሞቂያ ነበር። አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አምጥቶ ሱቁ መስኮት ላይ ያስቀመጠው፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ፊት ለፊቱ እንደ ወንፊት የሆነ ነገር ነው። ለሦስት ቀን እንድሞክረው አዋሰኝ። መሞቁንስ ይሞቃል፤ ሽታው ግን ከጓዳ እስከ ጎረቤት ደረሰ። ድርቤ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ አስመለሳት። በሁለተኛው ቀን አማቴ ዱካቸውን ይዘው ዝናብ ውስጥ በረንዳ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ክፍል ስገባ ከፊት የተቀመጡት ተማሪዎች ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። መለስኩት። ነጋዴው አፍንጫውን ወደ ልብሴ አስጠግቶ፣ ለካ በደንብ ይሠራል አለኝ።

ከሰል ጓዳ ውስጥ ይግባ የሚለው የራሴ ሐሳብ ነበር። ድርቤ እናቷን በጭሱ ልገድል ያሰብኩበትን ሰዓት ብቻ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ይህንንም ሰረዝኩ።

በመጨረሻ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ጨለለቂ ሰፈር ወደሚኖር ሳር ከዳኝ ሄድኩ። ቆርቆሮውን አውርጄ ሳሩን ልመልስ ነው አልኩት። ሰውዬው ቆርቆሮ ለመግዛት ሲያጠራቅም የኖረ ሰው ነው፤ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ሳሩ የሚታጨደው በበጋ እንደሆነ፣ በሰኔ ዝናብ የሚከደን ሳር ቤቱ ላይ እንደሚበቅል አስረዳኝ። እንደ ተማሪ ነው ያስረዳኝ። በመንገዴ ሁሉ አፈርኩ። የወረወርኩት አሮጌው ሳር እንኳ እስከዚያ ቀን ድረስ ከአጥሬ ጥግ ተቆልሎ ይበሰብስ ነበር፤ የጎረቤት ዶሮ ጫጩቶቿን እዚያ ውስጥ ፈልፍላ፣ ሞቋቸው ይኖራሉ።

ኦቦ ዋቅወያ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ዝናቡ የተማሪዎቹን መንገድ ሳይዘጋው ብለው ትምህርት ቤቱን በጊዜ ለቀቁን። እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ቤቴ ስገባ ሁልጊዜ ደጅ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። አማት ባለበት ቤት ዘሎ አይገባም፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። አማቴም በበኩላቸው ባደጉበት ሥርዓት ሶዳቸው፣ ማለት አማቻቸው፣ ባለበት ቦታ ፊት ለፊት አይቀመጡም፣ አይበሉም፣ ፊታቸውንም አያሳዩም። እኔ የሸዋውን ይሉኝታ፣ እሳቸው የወለጋውን፣ ሁለታችንም ሙሉውን ይዘን አንድ ቤት ገባን። እስከዚያ ቀን ድረስ ከነጠላቸው ጠርዝ በቀር ያየሁት ነገር አልነበረም።

በዚያ ቀን እንደ ወጉ ደጅ ላይ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ዝናቡ ግን ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር እኔም ራሴን አልሰማሁትም። በሩን ከፍቼ ገባሁ።

አማቴ ምድጃው አጠገብ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ የሆነ ነገር ለድርቤ እያወሩ ይስቃሉ። ድርቤም ትስቃለች። ቤቱ ሞቅ ብሏል። ደስ የሚል ቤት ነው፤ የማን ቤት ነው ብዬ የጠየቅሁ ያህል ነው የቆምኩት። ከዚያ መግባቴን አወቁ። በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ፣ በአንድ እጃቸው ጫማቸውን አነሱ፣ ጎንበስ እንዳሉ ጓዳ ገቡና መጋረጃውን ዘጉ። እኔስ ምን አደረግሁ? ሁልጊዜ የማደርገውን። አማቴ የተነሱበት ቦታ ላይ ወዲያው መቀመጥ ነውር ስለሆነ፣ በሩ ሥር ወዳለችው ወንበሬ ሄድኩና ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። እርጥብ ነበርኩ፤ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር።

ድርቤ ምድጃው ጋ ቆማ መጀመሪያ መጋረጃውን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች።

«ይሄ እሳት ለማን ነው የሚነደው?» አለች።

ተነስቼ ምሰሶው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር አየሁ። ሃያ ሦስት። አውርጄ ለድርቤ ሰጠኋትና ጓዳ ይዛው ገባች። ከሩብ ሰዓት በኋላ አምጥታ አሳየችኝ። አሥራ ሁለት። እኔ ወንበሬ አጠገብ ሳስቀምጠው ደግሞ አሥራ ሦስት። ሳይንስ የማስተምረው ሰውዬ ከአንድ ወር በላይ የጣሪያውን ሙቀት ስለካ፣ ቤቴ ውስጥ እሳት እንደነበረና ማንም እንዳልሞቀው አላየሁም። በየቀኑ አማቴን ለማክበር ደጅ ላይ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ እሳቸውኑ ከእሳት ዳር አስነስቼ ብርድ ውስጥ እያስገባኋቸው ነበር። በጣም ተናደድኩ። የምናደድበት ሰው ሳጣ ደብተሩን ወረወርኩት።

በድርቤ በኩል ላክሁባቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ እሳቱ ዳር ይቀመጡልኝ፣ እኔ እንደ ልጅዎ ነኝ አልኩ። መልሱ ወዲያው መጣ። እጅግ አመስግነዋል፤ ነገር ግን ገና ሀፍረታቸውን የሚጥሉበት ዕድሜ ላይ እንዳልደረሱ እንድረዳላቸው ይለምናሉ። ምን ይባላል። እኔም ብሆን እሺ ቢሉኝ ኖሮ አጠገባቸው የምቀመጥበትን ድፍረት ከየት እንደማመጣ አላውቅም ነበር።

ደብተሩን ካነሳሁ በኋላ ግን ነገሩ ቀለለኝ። ይህ ለካ የሒሳብ ጥያቄ ነው። እሳቱ አንድ ነው፤ ክፍሉ ሁለት ነው፤ ሰዎቹ መተያየት የለባቸውም። እሳቱ መቀመጥ የሚችልበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ግድግዳው መሀል።

በማግስቱ ባቻ ዘንድ ሄድኩ። ባቻ ባዶ በርሜል እየቆረጠ ባልዲና አሸንዳ የሚሠራ ሰው ነው። የሳልኩትን ወረቀት ገልብጦ ያዘና ለአውቶቡስ የሚሆን ነገር እንደሆነ ጠየቀኝ። አቃናሁለት። በርሜሉ አግድም ይተኛል፣ ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ ጓዳ፤ እንጨት የሚገባበት አፍ በአንድ በኩል፣ የጭሱ ቧንቧ በቆርቆሮው በኩል ወደ ላይ። ለምን ግድግዳ ውስጥ እንደሚገባ ሳስረዳው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን አቁሞ መዶሻውን አስቀመጠ፤ የእሱም አማት ከመጡ ሁለተኛ ክረምታቸው እንደሆነ፣ እሱም ያንን ሁሉ ጊዜ የሚያመሸው ወርክሾፑ ውስጥ እንደሆነ ነገረኝ።

«እንግዲያው ሁለት እሠራለሁ» አለ።

ኦቦ ዋቅወያ በቅሏቸውን ይዘው በደረሱበት ቀን ግድግዳው ተበስቶ ነበር። ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። አማቴ ጓዳ ናቸው፣ እኔ ሳሎን ነኝ፣ እንዳንተያይ ድርቤ ቀዳዳው ላይ አንሶላ ሰቅላለች፤ ባቻ በርሜሉን እያንከባለለ በር ላይ ደርሷል። ሽማግሌው እህታቸውን ሊወስዱ የመጡ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ክርክር ያለበት ቦታ ሲደርሱ በቅሎም ቢሆን ያስረሳቸዋል። ክርክሩ የበርሜሉ አፍ በየት በኩል ይሁን የሚል ነበር።

አማቴ «የቤቱ ባለቤት እያለ የእሳቱ አፍ ወደ እኔ አይዞርም» አሉ። እኔ ደግሞ ታላቅ እያሉ ወደ እኔ አይዞርም አልኩ። እሳቸው መምህሩ እንግዳ ይመጣባቸዋል፣ እሳቱ ቢታይ ያምራል አሉ። እኔ እሳቸው እግራቸውን ያማቸዋል አልኩ። ኦቦ ዋቅወያ ሁለታችንንም ለመስማት አንሶላውን ገለጥ አድርገው ቀዳዳው ውስጥ ተቀመጡ፤ አንድ እግራቸው ሳሎን፣ አንድ እግራቸው ጓዳ። ወደ ግራ ዞረው በኦሮምኛ ያዳምጣሉ፣ ወደ ቀኝ ዞረው ይደግሙልኛል። ኦሮምኛው እዚሁ ተወልጄ ያደግሁበት ቋንቋ ስለሆነ አንድም ቃል አላመለጠኝም፤ ሳይደግሙልኝ መመለስ ግን አይገባም። ምሳ ቀረበ፤ እዚያው ቀዳዳው ውስጥ በሉ። ባቻ በርሜሉ ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፈረዱ። እሳት የሚጠብቅ ሰው ቤት የሚውል ሰው ነው፤ መምህሩ ቤት አይውሉም፤ ስለዚህ አፉ ወደ ጓዳ ይሁን አሉ። ሁለተኛ፣ በርሜሉ ይሞከር። ዝናቡ ሲያበቃ፣ ጥቅምት ላይ፣ እሳቸው በቅሏቸውን ይዘው ይመለሳሉ፤ እህታቸው መሄድ ከፈለጉ ያን ጊዜ ማንም እንዳይይዛቸው። ሁለታችንም ተስማማን። ድርቤ እንደ ቆመች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሆዷን ደግፋ ይዛ ነበር። እስከ ጥቅምት ድረስ ሚስት አለችኝ ማለት ነው ብዬ ተነፈስኩ።

በርሜሉ ሠራ። ከሚገባው በላይ ሠራ። አማቴ እሳት የሚያነዱት ለሰው አዝነው ነው። ጠዋት ፍልጡን ሲጀምሩ ማታ ነው የሚያቆሙት። እኔ ወንበሬን ከበር ሥር አንስቼ ጀርባዬን ለበርሜሉ ሰጥቼ ስቀመጥ፣ መጀመሪያ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ኮቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን። ሸሚዜ ላይ ስደርስ ክብሬ ከለከለኝ። ይብቃኝ እንዳልል ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ነው፤ ለመሰማት መጮህ ያስፈልጋል፤ አማት ላይ ደግሞ አይጮህም። ተማሪዎቼን ዝም የማሰኝበት ማስመሪያ እጄ ላይ ነበር። ቸግሮኝ በርሜሉን ሁለት ጊዜ መታሁት።

በወዲያኛው በኩል ፍልጡ ሲወጣ ተሰማኝ። ሙቀቱ ቀነሰ።

በማግስቱ ብርድ የበረታበት ጠዋት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ መታሁ፤ እንጨት ተጨመረ። ከዚያ ወዲያ አንድ ማለት በረደኝ፣ ሁለት ማለት በቃኝ ሆነ። በሐምሌ እሳቸውም መምታት ጀመሩ። ጠዋት ስነሳ በእሳት መቆስቆሻው ቀስ ብለው ሦስት ጊዜ ይመታሉ፤ አከም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ማለት ነው። እኔም ሦስት እመልሳለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ይመታሉ። አንዳንዴ ምንም ሳይፈልጉ ይመታሉ። ተናድጄ የመጣሁ ቀን ደብተሮቹን ጠረጴዛ ላይ ስጥል ይሰማቸዋል መሰለኝ፣ ሳልጠይቅ አንድ እንጨት ይጨመራል። ከአለቃዬ ጋር በዓመት የማናወራውን ያህል ከአማቴ ጋር በአንድ ወር አወራን፤ ፊታቸውን ግን አሁንም አላውቀውም።

ነሐሴ ላይ፣ ረፋዱን፣ ድርቤ ምጥ ያዛት። አዋላጇ ጓዳ ገባች፣ መጋረጃው ተዘጋ። ዝናቡ ዓይን አያሳይም፣ ጆሮ አያሰማም። እኔ ጀርባዬን በርሜሉ ላይ ለጥፌ ተቀመጥኩ፤ በርሜሉ ግሎ ነበር፣ እኔ ግን ከውስጥ እንቀጠቀጥ ነበር። ፈርቼ ነበር፣ ሌላ ስም የለውም። ሁለት ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆየሁ። ከዚያ በርሜሉ ተመታ። ለዚህ የተስማማንበት ቁጥር አልነበረንም። እሳቸውም አልቸገራቸውም፤ መታ መታ መታ አደረጉት። አሥራ ሁለት ድረስ ቆጠርኩና መቁጠሩን ተውኩት። ሴት ልጅ ናት። ስሟን የምሥራች አልናት።

መስከረም ነጎደ፣ ጥቅምት ገባ፣ ፀሐይ ወጣች። ቆርቆሮው በጋውን ጀመረ። እሳቱ ጠፋ፤ አማቴ ግን የበርሜሉን አፍ ክፍት ትተውት ነበር፣ አንድ ቀን ቴርሞሜትሩን ሳየው እኩለ ቀን ላይ ሠላሳ አንድ መሆን የነበረበት ሃያ ዘጠኝ ይላል። የጭሱ ቧንቧ የጋለውን አየር ይዞት ይወጣል ማለት ነው። ቤቴ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ በአንድ በርሜል አገኘ ብዬ ለድርቤ አወጅኩላት። ድርቤ አልሰማችኝም፤ አይኗ ጓዳው ላይ ነበር። እናቷ የእንጨት ሳጥናቸውን ከፍተው ልብሳቸውን እያጣጠፉ ያስገቡ ነበር።

ኦቦ ዋቅወያ በቀጠሯቸው ቀን መጡ። በቅሎዋን ደጅ አስረው ከእኔ ጋር ሳሎን ተቀመጡ፣ ጠላ ቀረበላቸው። እኔ የምለውን አልኩ። እንዳይሄዱ ለምኑልኝ፤ ልጄ ትናፍቃቸዋለች፣ ድርቤ ትጎዳለች፣ ቤቱ የእሳቸው ነው። ሽማግሌው ተነስተው ወደ መጋረጃው ሄደው ተናገሩ፣ ተመልሰውም መልሱን ነገሩኝ። አማቴ እንዲህ ብለዋል፤ ያቆየኝ የክረምቱ ብርድና ወሊዱ ነበር፤ ሁለቱም በሰላም አለፉ። ልጄ በርትታለች፤ አማቼ ክብር ሰጥተውኛል። ከእንግዲህ እዚህ ቤት ምን ሥራ አለኝ? ሥራ የሌለው ሰው በሰው ቤት አይከርምም።

 ድርቤ በመስኮቱ በኩል ትታየኝ ነበር። በቅሎዋ ላይ የእናቷን ዱካ ካሰረች በኋላ፣ ሁለተኛ ጥቅል ይዛ መጣች፤ የሕፃኗ ልብስ ነው። ከዚያ ሦስተኛ ጥቅል፤ የራሷ ነው። ግንቦት ላይ የተናገረችውን አልደገመችውም፤ እሷ የምትደግም ሴት አይደለችም።

ጓዳ ውስጥ ሳጥኑ ሲዘጋ ሰማሁ።

እኩለ ቀን ነበር። ፀሐዩ ቆርቆሮው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሚስማሮቹ ሲሳቡ ቋ ቋ ይላሉ። የኦቦ ዋቅወያ ግንባር ያብረቀርቃል። ተነሳሁና ከአልጋ ላይ ጋቢዬን አምጥቼ ተከናነብኩ። ሽማግሌው የጠላውን ዋንጫ እንደያዙ ቀሩ። ወንበሬን ስቤ ጀርባዬን ለበርሜሉ ሰጠሁ፣ ማስመሪያዬን አነሳሁ፣ አንድ ጊዜ መታሁ።

ጓዳው ጸጥ አለ። ሳጥን ይዞ የቆመ ሰው ጸጥታ ነው። ደግሜ ልምታ እንዴ ብዬ አሰብኩ፤ ግን ሁለት ማለት በቃኝ ማለት ነው፤ ፈርቼ እጄን ያዝኩ። ኦቦ ዋቅወያ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ምሰሶው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር አዩ፤ ማንበብ ባይችሉበትም ነገሩ የገባቸው መሰለኝ።

ከዚያ ሳጥኑ መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ፍልጥ ተሰበረ። ክብሪት ተጫረ። ጥቂት ቆይቶ በጀርባዬ በኩል በርሜሉ ቀስ እያለ መሞቅ ጀመረ።

ድርቤ አራተኛ ጥቅል ለመውሰድ ስትገባ ደፉ ላይ ቆመች። አጎቷ ካፖርታቸውን አውልቀው ባርኔጣቸውን እያራገቡ ነው። ባሏ በጥቅምት ፀሐይ ጋቢ ተከናንቦ፣ ላቡ ካገጩ እየተንጠባጠበ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አፏን በእጇ ያዘች።

ያን ጊዜ ነው በግድግዳው ማዶ የአማቴን ድምፅ የሰማሁት። ለእኔ አልተናገሩም፤ ለወንድማቸው ነው። ነገር ግን እንደ ወትሮው በሹክሹክታ ሳይሆን፣ እኔ እንድሰማው አድርገው፣ በአማርኛ ነው የተናገሩት።

«ዋቅወያ፣ በቅሎዋን ፍታት» አሉ። «ሰውየው እንዲህ እየበረዳቸው ለማን ጥያቸው ልሄድ ነው?»

ኦቦ ዋቅወያ ላባቸውን ጠርገው ጭነቱን ሊያወርዱ ወጡ፤ ድርቤም ተከተለቻቸው። በርሜሉ ውስጥ ሌላ ፍልጥ ገባ። ቴርሞሜትሩን አየሁት፤ ሠላሳ ስድስት ይላል። ሁለት ጊዜ አልመታሁም።